ምጣድ የሚጣድበት ሰዓት



ንግግሬን ከወጥ ቤት ልጀምር። ትናንት ማታ ያደርኩት እዚሁ ኢሉባቦር፣ ሁሩሙ ከተማ፣ አክስቴ ቤት ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲያልፍ ሊጡን አቀረበች፣ የኤሌክትሪክ ምጣዷን ሰካች፣ በጎመን ዘር አሰሰችና እስኪግል መጠበቅ ጀመረች። ምጣዱ አልግል አለ። ከራሳችን በላይ የተንጠለጠለው አምፖል ሊጠፋ እንደተቃረበ ፍም ቀላ። የመጀመሪያው እንጀራ ዓይን ሳያወጣ ነጭ ሆኖ ቀረ። አክስቴ አልተቆጣችም፣ አልተገረመችምም። ሶኬቱን ነቀለችና «ሦስት ሰዓት ካለፈ ይጋግራል፤ ያኔ ሰው ይተኛል» አለችኝ።

እኔ ሰው ሲተኛ ኮረንቲው ለምን እንደሚበረታ የተማርኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። የኃይል ፍላጎት በቀን ውስጥ እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ የሚያሳይ ሥዕል አለን፤ የጭነት ኩርባ እንለዋለን። አገራችን ውስጥ ያ ኩርባ ጫፍ የሚወጣው ጨለማ ሲጥል ነው፤ መብራቱ ሁሉ ሲበራ፣ ምጣዱ ሁሉ ሲጣድ። አክስቴ ሥዕሉን አይታው አታውቅም፤ ግን በየማታው ትኖርበታለች።

ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ሙሉ በሙሉ በታዳሽ ኃይል የሚሠራ ታላቅ የኤሌክትሪክ ሥርዓት እንዴት እንደሚነደፍ ነው። በብዙ አገር ይህ እንደ ወደፊት ሕልም ይወራል፤ ከሰልና ጋዝ ሳያነዱ አንድን አገር ማብራት ይቻላል ወይ ብለው ይከራከራሉ። እኛ ጋ ክርክሩ አብቅቷል። የአገራችን ኮረንቲ ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው የሚመነጨው፤ ቀሪውም በአብዛኛው ከነፋስ። እንደ ኖርዌይ፣ እንደ አይስላንድ፣ እንደ ፓራጓይ ሁሉ እኛም ዛሬውኑ እየኖርንበት ነው። ያልጨረስነው ሥራ ሌላ ነው፤ የምናመነጨውን ኃይል ከአክስቴ ምጣድ ጋር በሰዓቱ ማገናኘት። የምለው ሁሉ የሚዞረው በዚህ ዙሪያ ነው። ታላቅ የኃይል ሥርዓት ከግድቡ ተነሥቶ ወደ ቤት ሲነደፍ ጎደሎ ይሆናል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል፣ ከበጋው ወር፣ ከመጨረሻው ምሰሶ ተነሥቶ ወደ ላይ መነደፍ አለበት።

መጀመሪያ ውሃው ምን ያህል እንደሚሠራ በቁጥር እንየው። አምስት በርሜል ውሃ አንድ ሜትር ኩብ ነው። ይህ ውሃ ከ100 ሜትር ከፍታ ቢወርድና ከጉልበቱ ምንም ባይባክን የሚሰጠው ሩብ ኪሎ ዋት ሰዓት ከፍ ያለ ብቻ ነው። አንድ ምጣድ ደግሞ 3 ኪሎ ዋት ተኩል ያህል ይስባል። ስለዚህ አክስቴ አንድ ሰዓት ስትጋግር፣ በተርባይኑና በመስመሩ ላይ የሚባክነው ሲታሰብ፣ 15 ሜትር ኩብ ውሃ ከ100 ሜትር ገደል መውረድ አለበት። 75 በርሜል! እናቶች ሆይ፣ ይህን ውሃ በእንስራ ከወንዝ ብታመጡት ስንት ምልልስ እንደሚሆን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

አሁን ሶርን አስቡ። ሶር የእኛ ወንዝ ነው። ከበቾ አጠገብ ያለውን ፏፏቴውን ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። ከዚያ ጌባን ይቀላቀላል፤ ጌባ ከቢርቢር ሲገጥም ባሮ ይሆናል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሶር ላይ 5 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። በዚያን ጊዜ ኢሉባቦር ከአገር አቀፉ መረብ ጋር አልተገናኘም ነበር። ሶር ብቻውን ቆሞ አካባቢውን የሚያበራ፣ ራሱን የቻለ ጣቢያ ነበር። 5 ሜጋ ዋት ማለት በአንድ ጊዜ 1,400 ያህል ምጣድ ማለት ነው። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ ከሶር ከሺህ እጥፍ በላይ። ከቆቃ ግድብ ወዲህ ያለው ጉዞ እንደዚህ ነው። በ1952 ዓ.ም. ቆቃ ሥራ ሲጀምር 43 ሜጋ ዋት ነበር። ከዚያ ፊንጫ፣ መልካ ዋከና፣ ተከዜ፣ በለስ መጡ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሦስት ብቻውን 1,870 ሜጋ ዋት ይዞ መጣ። ሕዳሴ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ኃይል ሰጠ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ሕዝብ ከኪሱ ያዋጣበት ሥራ ነው፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥም ቦንድ የገዙ ብዙ እጆች እንዳሉ አውቃለሁ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሜጋ ዋት እያለ ምጣዱ ለምን አልጋለም?

ኮረንቲ እንደ ቡና በጆንያ ተከምሮ አያድርም። የመነጨው በዚያችው ሴኮንድ ይበላል። በሁሉም ጣቢያዎች የሚሽከረከሩት ጄኔሬተሮች አንድ ላይ፣ እኩል እርምጃ መሄድ አለባቸው፤ በእኛ አገር እርምጃው በሴኮንድ 50 ነው፣ 50 ኸርዝ እንላለን። ቃሬዛ ተሸክማችሁ ታውቃላችሁ። በሽተኛ ከገጠር ወደ ጤና ጣቢያ ሲወሰድ ስምንት ሰው ትከሻውን ይሰጣል። ዳገቱ ሲከብድ ሁሉም ይዘገያሉ፣ ሜዳ ሲሆን ይፈጥናሉ፤ ግን አንድ ላይ ነው። አንዱ ድንገት ቢያዳልጠው ክብደቱ በቀሩት ትከሻ ላይ ያርፋል። ከቻሉ ይይዙታል፤ ካልቻሉ እሱን ተከትሎ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ይወድቃል። አገር በሙሉ በአንድ ጊዜ የሚጨልመው እንደዚህ ነው። አንድ ጣቢያ ወይም አንድ ትልቅ መስመር ሲወጣ ሌሎቹ ሸክሙን ለመያዝ ጥቂት ሴኮንዶች ብቻ አሏቸው።

የውሃ ጣቢያ እዚህ ላይ ታላቅ በጎነት አለው። የተርባይኑና የጄኔሬተሩ ግዙፍ ብረት ስለሚሽከረከር በአንዴ አይቆምም፤ ያ ክብደቱ ለሌሎቹ ጊዜ ይገዛል። በሩን ጥቂት ከፈት ሲያደርጉለትም ቶሎ ጉልበት ይጨምራል። የፀሐይ ፓኔልና ብዙዎቹ የነፋስ ተርባይኖች ከመረቡ ጋር የሚገናኙት በኤሌክትሮኒክስ ስለሆነ ይህ ክብደት የላቸውም። በአውስትራሊያ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 28 ቀን 2016 ማዕበል የደቡብ አውስትራሊያን የመስመር ማማዎች ሲጥል፣ የነፋስ ጣቢያዎቹ ራሳቸውን ለመጠበቅ በተሠራላቸው ቅንብር ምክንያት ከመረቡ ወጡና ግዛቱ በሙሉ ጨለመ። ነፋስ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ቅንብሩ ነበር የተሳሳተው፤ አስተካከሉት። በዓመቱም ሆርንስዴል ላይ 100 ሜጋ ዋት የሚሰጥ ትልቅ ባትሪ ተከሉ። እኛ ነፋስና ፀሐይ ስንጨምር ይህን ከጅምሩ አውቀን መጨመር እንችላለን።

ከሴኮንዱ ወደ ወሩ እንሻገር፤ እኔን አብዝቶ የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። ግድቦቻችን በተለያዩ ተፋሰሶች ላይ ቢቆሙም አብዛኞቹ የሚጠብቁት አንድን ክረምት ነው። ክረምቱ ካጠረ ሁሉም አብረው ይጠማሉ። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የሆነውን ታስታውሳላችሁ፤ የጊቤ ሦስት ውሃ ቀነሰና አገሪቱ በፈረቃ መብራት ውስጥ ገባች። ጣቢያው አልተሰበረም፤ 1,870 የሚለው ቁጥርም አልተለወጠም። ውሃው ነው ያነሰው። ብራዚልም በውሃ የምትኮራ አገር ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2001 በድርቅ ምክንያት ሕዝቧን ኃይል እንዲቆጥብ አስገደደች። በዛምቢያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 የካሪባ ሐይቅ ሲጎድል ሰዎች ከቀኑ አብዛኛውን ሰዓት ያለ መብራት ኖሩ። ሜጋ ዋት የማሽኑ ጉልበት ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት እንደምናገኝ የሚወስነው ግን በግድቡ ያለው ውሃ ነው።

እዚህ ላይ የኢሉባቦር ሰማይ ሊከበር ይገባል። ጎሬ በአገራችን ብዙ ዝናብ ከሚጥልባቸው ቦታዎች አንዷ ናት፤ ዝናቡም እንደ ሰሜኑ በሁለት ሦስት ወር አያልቅም። ከበልግ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ስለዚህ ከዚህ የሚወርደው የጌባና የባሮ ውሃ ከአባይና ከኦሞ ውሃ የተለየ መልክ አለው። በጌባ ላይ ግድብ ለመሥራት ጥናትና ዕቅድ ከወጣ ቆይቷል። እኔ ሲሠራ ማየት እሻለሁ፤ ዋጋው ግን በሜጋ ዋት ብቻ እንዲታይ አልፈልግም። ሌሎች ግድቦች በሚጎድሉበት ወር ስንት ሰዓት ይሠራል? ይህ ይጠየቅ። ደግሞም ጌባ የሚፈሰው በያዮ የቡና ደን ውስጥ ነው። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የመዘገበው የያዮ ባዮስፌር ክልል የሁሩሙን ወረዳም ይጨምራል። ማንም ያልተከለው ቡና በራሱ የሚበቅልበት ደን ነው። የዓለም ቡና በበሽታ ወይም በሙቀት ሲቸገር መድኃኒቱ የሚፈለገው ከእንዲህ ያለ ደን ዘር ነው። ውሃችንን የሚይዝልንም ያው ደን ነው፤ ደኑ ሲመነጠር ዝናቡ በአንድ ጊዜ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል፣ አፈሩም ከግድቡ ሥር ይተኛል።

በዚያው በያዮ ከመሬት በታች የድንጋይ ከሰል አለ። በከሰሉ ኃይል የማመንጨትና ማዳበሪያ የማምረት ዕቅድ ለዓመታት ሲወራ እንደኖረ ታውቃላችሁ። ሥራ የሚጠብቁ ወጣቶች እዚህ ስለተቀመጡ በጥንቃቄ እናገራለሁ፤ ሐሳቤን ግን አልሸሽግም። ለኮረንቲ ሲባል ያንን ከሰል ማንደድ አያስፈልገንም። አንዳንድ አገሮች ከሰልን ነፋስና ፀሐይ ሲጠፋ እንደ ተጠባባቂ ይይዙታል። እኛ ተጠባባቂ አለን፤ በግድቦቻችን ውስጥ ተኝቷል።

ነገሩን ላፍታታው። አሸጎዳ፣ ከመቀሌ አጠገብ፣ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀ 120 ሜጋ ዋት የነፋስ ጣቢያ አለ። አዳማ ላይ ሁለት አሉ፣ 51 እና 153 ሜጋ ዋት። እነዚህ ጣቢያዎች ብዙ ጊዜ ደህና ነፋስ የሚያገኙት በበጋ፣ ወንዞቻችን በሚቀጥኑበት ወቅት ነው። ፀሐይም ደመና በሌለበት በበጋ ትበረታለች። በአገር አቀፉ መረብ ላይ ያለን የፀሐይ ኃይል ግን እስካሁን ኢምንት ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል። የሚያስፈልገን ፀሐይዋ ማታ እንድትሠራ አይደለም። ቀን ከመተሐራ ወይም ከሶማሌ ክልል ሊመጣ በሚችል የፀሐይ ኃይል ፋብሪካዎች ይሠራሉ፤ በዚያ ሰዓት ግድቡ በሩን ያጠብባል። ያልወረደው ውሃ የትም አይሄድም፤ ከግድቡ ጀርባ ይቆያል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ያ ውሃ ይለቀቃል፤ ምጣዱ ይግላል። የሕዳሴ ሐይቅ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል፤ በፋብሪካ የተሠራ የትኛውም ባትሪ አጠገቡ አይደርስም። ዴንማርክ ለራሷ ነፋስ ማረፊያ ለማግኘት ባሕር አቋርጣ ከኖርዌይ ግድቦች ጋር በገመድ ተያይዛለች። እኛ ነፋሱም ግድቡም በአንድ አገር ውስጥ ነው ያለን።

ከመሬት ሥር የሚወጣው እንፋሎት ደግሞ ክረምት በጋ አያውቅም። አሉቶ ላንጋኖ ላይ የተተከለው 7 ሜጋ ዋት ገደማ ነው፤ ብዙ ጊዜም በሙሉ አቅሙ ሳይሠራ ኖሯል። ኬንያ በኦልካሪያ የደረሰችበትን ስናይ በስምጥ ሸለቆ ላይ ተቀምጠን ይህን ያህል መዘግየታችን አይገባም ነበር። ከኬንያ ጋር ግን አንድ ትልቅ ነገር ሠርተናል። ከወላይታ ሶዶ እስከ ሱስዋ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ፣ 500 ኪሎ ቮልት፣ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት የሚያስተላልፍ መስመር ተዘርግቶ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ሽያጭ ተጀምሯል። ብዙ ሰው ይህን የሽያጭ መስመር ብቻ አድርጎ ያየዋል። በሁለቱም አቅጣጫ መሄድ የሚችል መስመር ነው። ግድቦቻችን በሚጠሙበት ዓመት የኦልካሪያ እንፋሎት ወደ እኛ ሊመጣ ይችላል። እኔ ውሉን ብጽፍ ኖሮ ኃይሉ ወደ እኛ የሚመጣበትን አንቀጽ ከዶላሩ አስቀድመው ነበር።

አሁን ወደ ምሰሶው ልውረድ፤ ኃይሉ ሞልቶም ምጣዱ ያልጋለበትን ምክንያት የማገኘው እዚያ ነውና።

በጥር 2002 ዓ.ም. ግልገል ጊቤ ሁለት ተመረቀ። ውሃው 26 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዋሻ ነው ወደ ተርባይኖቹ የሚሄደው። ከምረቃው በኋላ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ከዋሻው አንዱ ክፍል ተደረመሰና 420 ሜጋ ዋት በአንዴ ቆመ። ጥገናው ወራት ፈጀ። ተማሪ ሳለሁ ይህ ዜና ከመማሪያ መጽሐፉ በላይ አስተምሮኛል። ሁሉ ነገር በአንድ ዋሻ ወይም በአንድ መስመር ሲያልፍ ሥርዓቱ የቱንም ያህል ቢገዝፍ በዚያች በአንዷ ላይ ተንጠልጥሏል።

እኛ በዚህ በኩል ጫፍ ላይ ነን። ኃይሉ ከጅማ በኩል ወደ በደሌ፣ ከበደሌ ወደ መቱ ይመጣል፤ ከመቱ ወደ ጋምቤላም ይወርዳል። ከማከፋፈያ ጣቢያው ወጥቶ በዚህ ደን ውስጥ ሲጓዝ በሐምሌ ዝናብ አንድ የዋንዛ ቅርንጫፍ ሽቦ ላይ ቢወድቅ ስንት ከተማ እንደሚጨልም ታውቃላችሁ። መንገዱ አንድ ስለሆነ ዞሮ የሚመጣበት ሌላ የለም። መስመሩ እየረዘመና ጭነቱ እየበዛ ሲሄድ ደግሞ ቮልቴጁ ይወርዳል። ትናንት ማታ መለኪያዬን በአክስቴ ሶኬት ላይ አድርጌ አይቻለሁ፤ 220 መሆን የነበረበት 171 ቮልት ነበር። የምጣድ ሙቀት ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይወርድም፤ ወደ እጥፍ በሚጠጋ ርምጃ ይወርዳል። 171 ላይ ያ 3 ኪሎ ዋት ተኩል ምጣድ ከ2 ኪሎ ዋት ብዙ የማይበልጥ ነው የሚያገኘው። እንጀራው ዓይን ያላወጣው ለዚህ ነው። ሊጡ ደህና ቦክቶ ነበር፤ የአክስቴም እጅ ምንም አላጠፋም።

መፍትሔው ሦስት ቦታ ላይ ነው፤ አንዱ ሌላውን ይደግፋል። መስመሩ ዙሮ እንደ ቀለበት ቢገጥም፣ በአንድ በኩል ሲቆረጥ በሌላው በኩል ይመጣል። ይህ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ጊዜም ይወስዳል። እስከዚያ ግን ሶር አለን። አገር አቀፉ መረብ ሲወድቅ ሶር አብሮ ጨልሞ መጠበቅ የለበትም። ድሮ ብቻውን ቆሞ ያበራ ጣቢያ ነው። መቆጣጠሪያውና መከላከያው በዚያ መልክ ከተቀናበረለት ከመረቡ ራሱን ነጥሎ፣ እንደ ደሴት ሆኖ፣ የመቱን ሆስፒታልና የውሃ ፓምፕ ማብራት ይችላል፤ መረቡ ሲመለስም እርምጃውን አስተካክሎ ይገጥማል። 5 ሜጋ ዋት ለአገር ምንም አይደለም፤ ለማዋለጃ ክፍል ግን ሁሉም ነገር ነው።

ሦስተኛው ቤታችን ውስጥ ነው። እናቶች የመጋገሪያ ሰዓታቸውን ይቀይሩ የሚል ምክር ስሰማ ልቤ ይቆጣል። አክስቴ ቀኑን በቡና ማሳ ውላ፣ ማታ 3 ሰዓት እንቅልፏን አቋርጣ እንድትጋግር ሥርዓት መነደፍ የለበትም። ይልቅ ምጣዱ ይሻሻል። ብዙው ምጣዳችን ሙቀቱን ወደ ታችና ወደ ጎን ይለቀዋል፤ እጃችሁን ከሥሩ ብታስጠጉ ትቃጠላላችሁ፣ ያ የባከነ ውሃ ነው። ደህና የሙቀት መከላከያ የተደረገለት፣ ሸክላው የሳሳ ምጣድ በጣም ባነሰ ኃይል ይጋግራል። አንድ ምጣድ 1 ኪሎ ዋት ቢቀንስ፣ 100,000 ምጣድ በአንድ ሰዓት ሲጣድ 100 ሜጋ ዋት ይተርፋል፤ ሃያ ሶር ማለት ነው፣ ያለ ምንም ግድብ። ይህን የሚሠራ የሸክላና የብረት ባለሙያ ወጣት እዚህ ከተማ ውስጥ አይጠፋም።

ስለ ቡናው አንድ ነገር ልጨምር። እሸት ቡና በሚለቀምበት ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ የመፈልፈያና የማጠቢያ ጣቢያዎች ፓምፕና ሞተር ቀን ከሌት ይሠራሉ፤ ብዙው በናፍጣ ነው። በዚያን ወቅት ወንዞቻችን ገና ሙሉ ናቸው። ጭነቱና ውሃው በአንድ ወር የሚገናኙበት እንዲህ ያለ ዕድል ለአንድ የኃይል ነዳፊ ብርቅ ነው። መፈልፈያዎቹን ከአስተማማኝ መስመር ጋር ማገናኘት ገበሬውን ከናፍጣ ዋጋ ያወጣዋል፤ ለመስመሩም ወጪውን የሚመልስ ደንበኛ ይሰጠዋል። ከመንገድ ርቀው ላሉት ቀበሌዎች ደግሞ መስመሩ እስኪደርስ መጠበቅ ብቻ አያዋጣም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም 65 በመቶውን ሕዝብ በመረቡ፣ 35 በመቶውን ከመረብ ውጭ ለማዳረስ ነበር ያቀደው። ከሕዝባችን ግማሽ የሚያህለው ዛሬም መብራት የለውም፤ ያን 35 በመቶ በፀሐይና በትንንሽ ጅረቶች በሚሠሩ ጣቢያዎች ማዳረስ ይቻላል፤ ጅረት ደግሞ እዚህ አገር ሞልቷል።

ከመቀመጤ በፊት አንድ ሥራ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ነዳፊ የሆነ ሰው ስለ ሁሩሙ ማታ የሚያውቀው ከሚደርሰው ሪፖርት ብቻ ነው። እኛ ራሳችን እንጻፍለት። መግቢያው ጠረጴዛ ላይ ደብተር አለ፤ አጠገቡ ስድስት የቮልቴጅ መለኪያዎች አሉ። ስድስት ተማሪዎች በስድስት የተለያዩ ሰፈሮች፣ አንዱ ከትራንስፎርመሩ አጠገብ፣ አንዱ በመስመሩ ጫፍ፣ በየማታው ሁለት ጊዜ ለአንድ ዓመት ይመዝግቡ። መብራት የሄደበትና የመጣበት ሰዓትም ይጻፍ። ሶኬቱን ሲነኩ መምህራቸው አብሯቸው ይሁን። የመጀመሪያውን ገጽ ትናንት ማታ እኔ ጀምሬዋለሁ፦ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል፣ 171 ቮልት፣ ምጣድ ተነቀለ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ20፣ 209 ቮልት፣ እንጀራው ዓይን አወጣ።